አውራ ጣታችንን ተዉልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እሑድ ስለ ማሳጅ ሥልጠና ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብን። ዘጋቢያችሁ የቦሌን ስፓዎች ዞሮ፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ማዶ በቴክኒክና ሙያ የሚማሩትን ግን አንዳቸውንም ሳይጠይቅ «ለሥራው ዋናው ጠንካራ አውራ ጣት ነው» ብሎ አረፈው። እግዜር ይስጥልን፤ ወራት የምናስተምረውን በአንድ መስመር ገላገለን!

ሠልጣኝን ከሙያው የሚያስወጣው እኮ ይኸው አውራ ጣት ነው። ጣቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ በእጁ ጉልበት ብቻ የሚጫን ሰው መገጣጠሚያውን ይጎዳል። ስለዚህ ትምህርቱ ከአቋቋም ይጀምራል። የማሳጁ አልጋ፣ ሠልጣኙ እጁን ጨብጦ፣ ክንዱን ለቆ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጭብጡ አልጋውን ነካ በሚያደርግበት ከፍታ ይስተካከላል። ከዚያ ከፍ ካለ ትከሻው ይወጠራል፣ ዝቅ ካለ ወገቡ ያልቃል። አንድ እግር ከፊት፣ አንድ ከኋላ፤ ኃይሉ ከኋለኛው እግር ተነሥቶ በተዘረጋ ክንድ መዳፍ ላይ ይደርሳል። ጠለቅ ያለ ጫና ካስፈለገ ከክርን በታች ያለው ክንድ ይሠራል። አውራ ጣት የሚገባው ጠባብ ቦታ ላይ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ያውም በሌላኛው እጅ ተደግፎ ነው። ዘይትም ቢሆን ለጀርባ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል መነሻ ይበቃል፤ ሲበዛ እጅ ይንሸራተታል፣ ጡንቻውን መያዝ ያቅታል። ወይስ ሊጥ የምናቦካ መሰላችሁ?

ፎቶው ደግሞ የባሰ ነው። ባለሙያዋ ከጉልበት ጀርባ ባለው ጎድጓዳ ላይ በአውራ ጣቷ ስትጫን ይታያል። እዚያ የደም ሥሮችና ነርቮች በቂ የጡንቻ ከለላ ሳይኖራቸው ስለሚያልፉ ጠንከር ብሎ መጫን ክልክል ነው። አንድ እግሩ ብቻ ያበጠ፣ ባቱ የሚያቃጥለውና የሚያመው ደንበኛ ከመጣማ ጭራሽ አይታሽም፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፣ ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ይገድላል። ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይላካል። ይህን ጠንካራ ጣት አይነግራችሁም፤ ከማሸት በፊት መጠየቅና ማየት እንጂ።

በርዕሱ የጣላችሁት፣ ሙያውን ነውር የሚያስመስለው ጥቅሻስ? ሙያዋን ስትናገር አከራዩ በጎሪጥ የሚያያት ሠልጣኝ የዚያችን ጥቅሻ ዋጋ ከፍላለች። ክፍል ውስጥ የሚታሸው ቦታ ብቻ ይገለጣል፣ የቀረው በፎጣ ተሸፍኖ ይቆያል፤ ይህንን መጻፍ ግን አያስቅም መሰለን።

ፎቶውን አንሡት፣ ማረሚያውንም እዚያው ገጽ ላይ አውጡት። ዘጋቢያችሁ ሊያይ ከፈለገ የተግባር ክፍላችን ክፍት ነው፤ ብቻ ጥፍሩን ቆርጦ ይምጣ።

በቱሉ ዲምቱ አካባቢ የማሳጅ ሙያ አሠልጣኞች