አሸናፊው ስልክ አያነሳም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጋዜጣችሁን የማነበው ከጨረታ ገጹ ጀምሬ ነው። አትሳቁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ አዳማ መናኸሪያ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ እና ፋብሪካ ምናምን አሮጌ ማሽን ሲሸጥ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው። የዛን ገጽ ቋንቋ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ንብረቱን በአካል ቀርቦ ማየት ይቻላል፣ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ይያዛል፣ ሳጥኑ ተጫራቾች በተገኙበት ይከፈታል፣ ለተሸናፊ ሲፒኦው ይመለሳል። (ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው የምትለዋ ሁሌ ታናድደኛለች፣ እሷን ሌላ ጊዜ።) የዛሬው ግን ይሄ ሁሉ ስለሌለበት ጨረታ ነው፣ ስለ ቴሌግራሙ።

ባለፈው ወር አንድ ግሩፕ ላይ የስፌት ማሽን በቪድዮ ወጣ፣ ጁኪ የሚባለው የጃፓን ማሽን፣ ኦሪጅናል፣ ሰርቮ ሞተር ያለው፣ መነሻ 18 ሺህ ብር። ለመግባት 1000 ብር ማስያዣ በቴሌብር ላኩኝ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ተጀመረ፣ እኔ 20 አልኩ፣ አንዱ ፕሮፋይሉ ላይ ጽጌረዳ ያደረገ 21 አለ፣ ሌላ ሰው 22 ብሎ ከዛ ዝም አለ፣ እኔ 23፣ ባለጽጌረዳው ወዲያው 24፣ እንዲህ እያለን ስንሄድ እኔም እልህ ያዘኝ፣ ከ30 አላልፍም ብዬ ለራሴ ነግሬው የነበረ ሰው 34 ደረስኩ፣ እሱ 34 ከ500 ብሎ አሸነፈ። እውነቴን ነው ተመስገን አልኩ። ሽሮ ልጥድ ተነሳሁ፣ ሀያ ደቂቃ ሳይሞላ ኢንቦክስ መጣ፦ «አሸናፊው ስልክ አያነሳም፣ ሁለተኛ እርስዎ ነዎት፣ በጠሩት በ34 ይውሰዱት»። እኔ ሞኟ ዕድል መሰለኝ።

የእህቴ ልጅ ነው በኋላ ግሩፑን ወደ ላይ እየጎተተ ያሳየኝ። ባለጽጌረዳው በአንድ ወር ሦስት ማሽን አሸንፏል፣ ሦስቴም ስልክ አላነሳም፣ ሦስቱም ለሁለተኛው ሰው ተሸጠ። ማስያዣው ተወረሰ ሲባልም አላየንም፣ የራሱን ኪስ ማን ይወርሳል? አሁን ባለጽጌረዳውን አውጡትና ቁጠሩት፦ ከኔ ጋር የነበረው ትክክለኛ ተጫራች 22 ላይ ቆሟል፣ ስለዚህ ማሽኑ ቢበዛ 22 ከ500 ነበር የሚገባኝ፣ ቀሪው 11 ሺህ ከ500 ብር ከሻጩ ጋር የተገፋፋሁበት ነው። እነ ኢቤይ ላይ፣ ውጭ አገር ሰው በኢንተርኔት የሚጫረትባቸው ገበያዎች ላይ፣ ይሄ ነገር ስም አለው፣ ሺል ቢዲንግ ይሉታል፣ ሻጩ ራሱ ወይ ዘመዱ ወይ አብሮት የሚኖር ሰው ዋጋ ለማናር መጫረት ክልክል ነው፣ አካውንትም ያስዘጋል። እኛ ጋ ግን ሻጩም አጫራቹም ዳኛውም አንድ ሰው ነው፣ ሲያሰኘው የጠራሽውን ዋጋ ያጠፋዋል፣ ከጠየቅሽ ብሎክ።

ዕቃው ደግሞ ሌላ ጉድ። ብሩን በሙሉ ካልላክሽ አይጫንም አሉኝ፣ ላኩኝ፣ የማስጫኛ 900 ብር ጭምር፣ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ መጣ፣ ረዳቱን ስጠይቀው ለሱ የተከፈለው 400 ነው። ሱቅ አስገብቼ ስሰካው ቪድዮው ላይ ያየሁት አይደለም። ሰርቮ ፔዳሉን ካልረገጡት ጸጥ ነው የሚለው፣ መብራትም ይቆጥባል፤ ይሄ የድሮው ክላች ሞተር ነው፣ እግሬን አንስቼም ቡዝዝዝ ይላል፣ ደንበኛ ሲያናግረኝ አጥፍቼው ነው የምሰማው። ጁኪ የምትለዋን ጽሑፍ በጥፍሬ ጫር ሳደርጋት እንደ ስቲከር ተላጠች።

አሮጌ መሸጥ ነውር አይደለም እኮ። ኢቤይ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲጀምር መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተበላሸ ሌዘር ፖይንተር ነው፣ በ14.83 ዶላር፣ ገዢውም መበላሸቱን እያወቀ ነው የወሰደው። እኔም ክላች ነው ብሎ ቢነግረኝ በ20 ሺህ እወስደው ነበር፣ እናቴ ዕድሜ ልኳን በሱ ነው የሰፋችው።

ስደውል «በጨረታ የተገዛ አይመለስም» ተባልኩ። አንድ ቢሮ ሄጄ አቤት ስል ደግሞ የቴሌግራም ወሬ ማስረጃ አይሆንም ብለው መለሱኝ። የእህቴ ልጅ ግን የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጁን፣ 1205/2012ን፣ ከስልኩ አውጥቶ አነበበልኝ፣ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም ይላል፣ የሸማቾች ጥበቃውም 813/2006 አለ። እስቲ እናንተ ጠይቁልኝ፦ የቴሌብር ደረሰኝ፣ ቪድዮና ስክሪንሾት ይዤ የምሄድበት መስኮት የቱ ነው? የግሩፑን ስም እዚህ አልጻፍኩም፣ ከፈለጋችሁ ሁሉንም እልክላችኋለሁ።

እኔን ከግሩፑ አስወጥተውኛል፣ ትናንት ማታ ግን በእህቴ ልጅ ስልክ ገብተን አየን። ያው ቪድዮ፣ ያው ጸጥ ያለ ሰርቮ፣ መነሻ 18 ሺህ። አንዲት ሴት 20 ብላ ጻፈች። ባለጽጌረዳው 21 አለ።

ልብስ ሰፊዋ፣ ከአዳማ