ብቻሽን አትውጪበት

ልጄ፣

አክስትሽ ትናንት ማታ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። ያ ከሩጫ የወጣው ፈረስሽ እንደጣለሽ፣ ትከሻሽ እንዳበጠ፣ «ለአባዬ እንዳትነግሪው» እንዳልሻት ጭምር። በመውደቅሽ አልተቆጣሁም። በመደበቅሽ ግን ተቆጥቻለሁ። አሁን አንድ ነገር ስሚኝ፦ ሰው አጠገብሽ ሳይኖር ያ ፈረስ ላይ አትውጪ።

«ልጓሙን ብስበው ባሰበት» ብለሻታል። እውነትሽን ነው፣ ይብስበታል። የሩጫ ፈረስ የለመደው እንደዚያ ነው። ጋላቢው ዛቡን አጥብቆ ሲይዝ ልጓሙን ተደግፎ ይሮጣል። አንቺ «ቁም» ስትዪው እሱ የሚሰማው «ሂድ» ነው። ስለዚህ ሳብ ለቀቅ፣ ሳብ ለቀቅ እያደረግሽ፣ ሰፋ ባለ ክብ አዙሪው። ስትወጪበትም ቆሞ አይጠብቅሽም። ሩጫ ቤት ሰው እግር ይዞ ነው ጋላቢውን የሚያወጣው፣ ያውም ፈረሱ እየተራመደ።

እነዚያ ፈረሶች ልጅነት የላቸውም። በአሜሪካ የሩጫ ደንብ የፈረስ ሁሉ ልደት ጃንዋሪ 1 ነው፤ ሚያዝያ የተወለደውም በዚያ ቀን አንድ ዓመት ሞላው ይባላል። በ2 ዓመቱ ይሮጣል። እኛ ጋ በ2 ዓመቱ ገና ሜዳ ላይ ሲቦርቅ ነው የሚውለው። ያንቺው ደግሞ ላውረል የሚባለው መሮጫ ሜዳ ሲሮጥ ኖሮ፣ ጋጣ ውስጥ ግራ ቀኙ ፈረስ ነበር። ወደ መነሻው ሲሄድ እንኳ ሌላ ፈረስ ይሸኘዋል። ብቻውን መሆንን ከየት ይወቀው? አንቺ ግን ብቻሽን ጫካ ይዘሽው ገባሽ። ብቻሽን አትውጪበት የምልሽ ለእሱም ብዬ ነው።

የአያትሽን ዳማ እንደሚነክስ ብቻ ነው የሰማሽው። ያ ፈረስ ጥር 23፣ በፈረሰኞቹ በዓል፣ እንጅባራ ላይ ሲጋልብ ሰው ሁሉ ከመንገዱ ይሸሽ ነበር። አያትሽ ከሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ነው፤ ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት አድዋ ላይ የወደቁ ፈረሶች እንዲታሰቡም ነው እያለ ይነግረን ነበር። ቢሆንም ዳማው እሱንም ነክሶታል። «ለጋሪ ሽጠው» አሉት። የገራችው አያትሽ ናት፣ እናቴ። እንዝርቷን ይዛ ድርቆሹ አጠገብ ትቀመጣለች። አታየውም፣ አትጠራውም፣ ትፈትላለች። መጀመሪያ ጀርባውን ሰጥቷት ይበላ ነበር። በኋላ ጎኑን ሰጣት። አንድ ቀን መጥቶ አፍንጫውን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ያኔም እጇን አላነሳችም። እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ «እናቴን ሊበላት ነው» ብዬ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ከዚያ ወዲያ እሷ የሄደችበት ሁሉ ይከተላት ነበር። አባቴ ሲሞት ዳማው ተሸጠ። እኔ ባሕር ዳር ትምህርት ላይ ነበርኩ፣ ሳልሰናበተው ቀረሁ። ማን እንደገዛው እንኳ የሚነግረኝ አጣሁ። ይኸው ሸምግዬም ይቆጨኛል።

ጠፍሩን ስታጠብቂ ይነክሳል አሉ። ይህን እንደ ክፋት አትቁጠሪበት። የፈረስ ጨጓራ ባዶ ሲሆንም አሲድ ማመንጨቱን አያቆምም። እህል እየበላ ጋጣ ውስጥ የሚውል የሩጫ ፈረስ ጨጓራው በብዛት ይቆስላል። ሐኪሙ ጨጓራውን ይይለት፣ ጀርባውንና ጥርሱንም። ድርቆሽ ከፊቱ አይጥፋ። ኮርቻ ከመጫንሽ በፊትም ትንሽ ይብላ።

ስም ልታወጪለት እንደሆነ ሰማሁ፤ ደስ ብሎኛል፣ የኔ እናት። ግን ረጋ ብለሽ አስቢበት። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ያንቺም መጠሪያ ይሆናልና ጠባዩን ሳታውቂ አትሰይሚው።

ትከሻሽን ራጅ ተነሺ። የወደቅሽበትን ሄልሜት ጣዪው፤ ስንጥቅ ባይታይበትም ጣዪው። ገንዘብ ካጠረሽ ለአክስትሽ ንገሪያት፣ እኔ ከእሷ ጋር እተሳሰባለሁ። አብሮሽ የሚጋልበው ማን እንደሆነ እስከ እሑድ አሳውቂኝ። ሰው እስክታገኚ ድረስ በእግርሽ አብረሽው ሂጂ፣ አብረሽው ተቀመጪ። ብቻሽን ግን አትውጪበት።

አባትሽ