ለእማዬ፣ ከቤሩት

እማዬ፣ እንዴት ከረማችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን አላበዛም። ሁለት ወር ሙሉ ስልክ ሳላነሳ ከርሜ አሁን ባበዛው እኔው አፍራለሁ።

ያን ቀን በስልክ ስናወራ ማሙሽ የስልኩን ድምፅ ከፍቶት እንደነበር ሚጣ ናት በኋላ የጻፈችልኝ። «እኔ የብር ማሽን ነኝ ወይ? የምትወዱት እኔን ነው ብሬን?» ያልኩት ለእሱ ነበር። አንቺ አጠገቡ ቡና እየቆላሽ እንደነበር አላወቅኩም። ምንም ሳትናገሪ ተነስተሽ ጓዳ ገባሽ አሉኝ። እማዬ፣ ያ ጓዳ መግባትሽ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ነሳኝ።

ማሙሽም ቢሆን ስለ ሚጣ ሰርግ ድንኳንና ስለ ቬሎ ያን ሁሉ ሲያወራ አንዴ እንኳ «በልተሻል?» አላለኝም። ያኔ ደሞዜ ትንሽ ዘግይቶ ነበር፤ አሁን ተስተካክሏል፣ አታስቢ። ይኸው፣ አሁንም ሰበብ እየደረደርኩ ነው።

የያዕቆብን መልእክት ማታ ማታ ኩሽና ውስጥ አነባለሁ። አምስት ምዕራፍ ብቻ ናት። ስትጀምር ሰላምታ የምትሰጠው ለተበተኑት ነው። እኔን ነው ያለው ብዬ ደነገጥኩ። ፈተና ሲደርስባችሁ እንደ ደስታ ቁጠሩት ይላል፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ እሱን ገና አልቻልኩም። የማዳም እናት ሳጥባት ትሰድበኛለች። ደስ አይለኝም። ግን ፎጣውን አሙቄ ጀርባዋን አደርቅላታለሁ፣ ያንቺን ጀርባ ማን ያሽልሽ ይሆን እያልኩ።

ስለ ምላስ የሚለው ጋ ስደርስ ግን መጽሐፉን ዘጋሁት። በዚያችው አፍ እግዚአብሔርን እያመሰገንን ሰውን እንረግማለን ይላል። ፍልሰታ ነበር እኮ! ጠዋት ውዳሴ ማርያም ደግሜያለሁ። እነ ማዳም ዶሮ ሲበሉ እኔ ሙጃደራዬን፣ ምስርና ሩዙን፣ ቁጭ ብዬ በልቻለሁ፣ ጾሜን ያዝኩ ብዬ። ማታ ደግሞ እናንተን በላኋችሁ። የንስሐ አባታችን አንደበትም ይጹም ሲሉ በክርንሽ ጎሸም ታደርጊኝ ነበር፤ ለካ ታውቂኛለሽ።

ለማንም ያልነገርኩትን አንድ ነገር ልንገርሽ። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ብዙ አሠሪዎች በቤት ሠራተኝነት ያሉትን ያገራችንን ልጆች እያመጡ ቆንስላችን ደጅ ጥለዋቸው ይሄዱ ነበር። ወደቡም የፈነዳው በዚያው ክረምት ነው፣ ሐምሌ 28። አንድ ቀን ከማዳም ጋር በመኪና በቆንስላው ደጅ ስናልፍ ጭኔ ላይ ትኩስ ዳቦ ይዤ ነበር። አንዷ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን። «እግዚአብሔር ይርዳሽ እህቴ» አልኩ በሆዴ። መስኮቱን እንኳ አላወረድኩም፤ ማዳምን ፈራሁ። ያዕቆብ ደግሞ ይህንኑ ነው የሚለው፣ ለተራበች እህት «በደህና ሂጂ፣ ጥገቢ» ብትሉ ምን ይጠቅማታል ይላል። የዳቦው ሙቀት አሁንም ጭኔ ላይ አለ።

ስለዚህ አሁን እሁድ እሁድ ሦስት ሆነን እያዋጣን ሥራ ላጡ ልጆች ሩዝና ዘይት እናደርሳለን። የምነግርሽ ብሩ ቢያንስ የት አደረገችው እንዳትይ ነው።

ይህን ደብዳቤ ያመጣችልሽ ልጅ 300 ዶላር ትሰጥሻለች። 100ው የስኳርሽ መድኃኒት ነው፣ ለድግሱ እንዳትነኪው። መርፌሽን እየዘለልሽ እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ አትዝለይ።

ሚጣዬ፣ ቀሪው ያንቺ ነው። በቁርባን ልታገቢ መሆኑን ስሰማ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ የደስታ ነው። ሹሩባሽን የምሠራሽ እኔ ነበርኩ። በጥር ማን ይሠራሻል? ስትሠሪ ፎቶ ላኪልኝ፣ የሰርጉን ሳይሆን የሹሩባውን።

ማሙሽ፣ ይቅር በለኝ። ደብዳቤው በደረሳችሁ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። እንደዚያን ቀን ድምፁን ክፈተው። እማዬ አጠገብህ ትቀመጥ።