ሊኑክስ አልነሳ ሲል መጀመሪያ ፎርማት አይደረግም

ጤና ይስጥልኝ የዝግጅት ክፍል፣

ይሄን የምጽፈው ኮምፒውተር ለሚጠግኑ ወንድሞችና እህቶች ነው፣ ማሽናቸውን ተሸክመው ወደነሱ ለሚሄዱትም ጭምር። ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ኮምፒውተሩን የሚያሰራ ሲስተም) የተጫነበት ኮምፒውተር መብራት ሄዶበት ወይ አፕዴት መሀል ተቋርጦ አልነሳ ሲል ብዙ ሱቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፣ "ፎርማት ይደረግ"። የማውቃት ልጅ የመመረቂያ ጽሁፏ ያለበትን ላፕቶፕ ሰጥታ ሳይጠይቋት ዊንዶውስ ጭነው "ተስተካክሏል" ብለው አስረከቧት፣ ገንዘብም ተቀብለው። ይሄ ነገር በጣም ያመኛል፣ ምክንያቱም ፋይሉ እዛው ነበር።

አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ማስነሻው ነው እንጂ ሆም ፎልደር (የባለቤቱ ፋይሎች የሚቀመጡበት) ውስጥ ያለው አይነካም። ኡቡንቱን (አንዱ የሊኑክስ አይነት ነው) ፍላሽ ላይ አርጎ ከፍላሹ ማስነሳት፣ ኢንስቶል ሳይሆን ትራይ የሚለውን መምረጥ፣ ከዛ ዲስኩን ሪድ ኦንሊ (ለማንበብ ብቻ) ከፍቶ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ፣ በቃ ብዙው ስራ ይሄው ነው። ሱፐርብሎክ (የፋይል ሲስተሙ ዋና መረጃ ያለበት ቦታ) ተበላሽቷል የሚል ኤረር ቢመጣም ተስፋ አይቆረጥም፣ ኤክስት4 (ሊኑክስ በብዛት የሚጠቀመው ፋይል ሲስተም) የሱፐርብሎኩን ቅጂ በየቦታው ያስቀምጣል፣ ብሎኩ 4 ኪሎባይት ከሆነ የመጀመሪያው ቅጂ 32768ኛው ብሎክ ላይ ይገኛል።

ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ግን (ድምጽ ካሰማ፣ ሲነበብ ከተንቀራፈፈ) ኤፍኤስሲኬ የሚባለውን የፋይል ሲስተም መጠገኛ እንዳትነኩ፣ እሱ ዲስኩ ላይ ይጽፋል። መጀመሪያ ዲዲሬስኪው በሚባለው መገልበጫ ፕሮግራም የዲስኩ ሙሉ ኢሜጅ (ቅጂ) ይወሰዳል፣ ጤነኛውን ክፍል ቀድሞ ይገለብጥና ወደተጎዳው በኋላ ይመለሳል፣ ማፕ ፋይል (የት እንደደረሰ የሚመዘግብበት) ከሰጣችሁት ደግሞ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ለኛ አገር ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ከዛ የጠፋ ፋይል የሚያወጡት ፕሮግራሞች፣ ቴስትዲስክም ሆነ ፎቶሬክ፣ የሚሰሩት ኢሜጁ ላይ ነው፣ ዋናው ዲስክ ተነቅሎ ይቀመጣል። ፎቶሬክ የፋይሉን ስም አይመልስም፣ ይሄን ለደንበኛው ቀድሞ መንገር ጥሩ ነው፣ በሺህ የሚቆጠር ስም የለሽ ፋይል ሲያይ እንዳይደነግጥ።

"ፎርማት አርገን በኋላ በሶፍትዌር እናወጣዋለን" የሚሉም አሉ። በድሮው ሃርድ ዲስክ አንዳንዴ ይሳካ ይሆናል፣ አሁን ግን አብዛኛው ላፕቶፕ ያለው ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው አዲሱ የዲስክ አይነት) ነው፣ ኤክስት4 ፎርማት ሲደረግ ደግሞ ትሪም የሚባለው ትዕዛዝ በዛው ይላካል፣ ኤስኤስዲው ብሎኮቹን ባዶ ያደርጋቸዋል፣ ከዛ በኋላ የትኛውም ፕሮግራም የሚያነበው ነገር አያገኝም።

ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፣ ሱቆች ደረሰኛችሁ ላይ "ዳታው ይፈለጋል ወይስ አይፈለግም" የሚል መስመር ጨምሩና ደንበኛው ይፈርምበት። እናንተም የቴክኖሎጂ አምድ ስላላችሁ አንድ እትም ስለ ባክአፕና ስለ ዳታ ማውጣት ብትሰሩበት ደስ ይለኛል፣ ጥያቄ ካላችሁ ለማገዝ ዝግጁ ነኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ