ብሩ ከመቆጠሩ በፊት ሌንሱ በብርሃን ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ወጣት ወደ ፎቶ ቤቴ መጣ። ከአንድ ዓመት በላይ በየሰርጉ መብራት ሲይዝልኝ የቆየ፣ እጁም ዓይኑም የተባረከ ልጅ ነው። ከቦርሳው በፎጣ የተጠቀለለ ሌንስ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «እትዬ፣ እቁቡ ወጣልኝ፤ ይህን ገዛሁበት፤ እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። የካኖን 85 ሚሊሜትር ነው፤ አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ እስከ 1.8 ይከፈታል። ለሙሽራ ፊት የሚመች ሌንስ ስለሆነ ምርጫው ትክክል ነበር። 38 ሺህ ብር ከፍሎበታል።

ሌንሱ ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ቀለሙ አልተፋቀም፤ የፊቱ መስታወት ተወልውሎ ያበራል፤ የፊትም የኋላም ክዳኑ አለ። እኔ ግን ከመብራት ወጣ ብዬ ጥግ ላይ ያዝኩት፤ የእጅ ስልኬን መብራት ከኋላው አበራሁና በፊቱ በኩል ዘመም አድርጌ ወደ ውስጥ አየሁ። ከመስታወቱ ዳር ተነሥቶ ወደ መሀል የሚሄድ፣ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ፣ እንደ ዛፍ ሥር ቅርንጫፍ ያወጣ ነጭ ክር ታየኝ። ሌንሱን ትንሽ ሳዞረው ሌላ ቦታም አለ። ሦስት ቦታ ቆጠርኩ። ልጁ በትከሻዬ በኩል ያይ ስለነበር ማስረዳት አላስፈለገኝም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ዝም አለ።

የጥር ሰርግ እየደረሰ ነው። በዚህ ሰሞን በከተማችን ያገለገለ ሌንስ የሚፈልግ ወጣት ብዙ ነው። ያገለገለ መግዛት ምንም ነውር የለበትም፤ እኔ ራሴ ካሉኝ አምስት ሌንሶች አራቱን የገዛሁት ከሌላ ሰው እጅ ነው። የሚያሳዝነኝ፣ በሬ ሲገዛ ጥርሱ ታይቶ፣ ሰኮናው ተነክቶ፣ ተነድቶ በሚገዛበት አገር የአንድ ዓመት እቁብ የሚያህል ገንዘብ ቆሞ በሚጠብቅ ባጃጅ ውስጥ በአምስት ደቂቃ ተቆጥሮ መሰጠቱ ነው። ልጁ ሌንሱን የተቀበለው እንደዚያ ነበር፤ ከመሸ በኋላ፣ በመንገድ መብራት።

እኛ ፈንገስ የምንለው ያ ነጭ ክር እንጀራ ክረምት ላይ ሲያድር ከሚያወጣው ሻጋታ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ዘሩ በአየር ላይ ስላለ የማይገባበት ሌንስ የለም። የሚበቅለው ግን እርጥበት፣ ጨለማና የማይንቀሳቀስ አየር አንድ ላይ ሲያገኝ ነው። ሐዋሳ ደግሞ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቁም ሣጥን ውስጥ የተሰቀለ የቆዳ ጃኬት እንኳ ነጭ ያወጣል። ሌንስ በቦርሳ ተዘግቶ ሁለት ክረምት እዚህ ከተማ ከተቀመጠ ባለቤቱ አንድም ቀን ሳይጥለው ውስጡ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ «ብዙ አልሠራም፣ ተቀምጦ የኖረ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ሐዋሳ ውስጥ ምስጋና አይደለም። እንዲያውም እኔ በየሳምንቱ ከቦርሳ እየወጣ የሚሠራውን ሌንስ ከተቀመጠው የበለጠ አምነዋለሁ።

ይህን የተማርኩት ከአባቴ ኪሳራ ነው። አባቴ የሶቪየት ኅብረት ሥራ የሆነች ዜኒት ካሜራ ነበረችው፤ ሄሊዮስ ከሚባለው 58 ሚሊሜትር ሌንሷ ጋር። ከዓይኑ ብሌን አስበልጦ ይጠብቃት ስለነበር ከቆዳ ማኅደሯ ሳያወጣ በእናቴ የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ ከጋቢ ሥር ያስቀምጣት ነበር። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ይህን የነገረው ሰው አልነበረም። አንድ ዓመት በመስቀል ዋዜማ ሲያወጣት ሌንሷ በጢስ የታጠነ መስሎ አገኘው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም ሌንስ ከመንካቱ በፊት ወደ መስኮት ይዞ ሲሄድ አየዋለሁ። እኔም ይኸው እሄዳለሁ።

ልጁ በኋላ «ፎቶው ግን ደህና ይወጣል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ ሞክረነው ደህና ወጣ። ችግሩ የሚገለጠው ብርሃን ከፊት ለፊት ሲመጣ ነው። የሐዋሳ ሙሽሮች ደግሞ የት እንደሚነሡ ሁላችንም እናውቃለን። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ፍቅር ሐይቅም ሆነ አሞራ ገደል ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ውኃው ላይ ነው፤ ሙሽሪትም ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ትቆማለች። በማግሥቱ ሁለታችን በአሥራ ሁለት ሰዓት ግድም ወርደን በእሱና በእኔ ሌንስ አንድ ቦታ ቆመን አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባው ላይ እንዳለ አነሣን። በእኔው የሰውዬው ፊትና የመረቡ ቋጠሮ ይታያል። በእሱ ግን ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ ሆኗል፤ ፎቶው ነጠላ የተጋረደበት ይመስላል። ሰርግ አይደገምም። ያ ፎቶ የሙሽሪት ቢሆን ኖሮ ልጁ ምን ብሎ ይመልሳል?

ፈንገስ ይጸዳል የሚሉ አሉ። ገና ሲጀምር ከተደረሰበት፣ ሌንስ መፍታት የሚችል ባለሙያ ከተገኘ አዎ። ግን እየበቀለ የሚያወጣው አሲድ የመስታወቱን ሽፋን ይበላል፤ ክሩ ሲጠረግ ፋናው ይቀራል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም የተበላውን ሽፋን አይመልስም።

ስለዚህ ገዢ ሁሉ ሌንሱን በስልክ መብራት ይይ፤ መብራቱን ከኋላ አድርጎ ከፊት፣ ከዚያ አገላብጦ። በምንም መንገድ በሌንስ ውስጥ ፀሐይን አይመልከት፤ ዓይን ይጠፋል። የካኖን ሌንስ ከካሜራ ሲወጣ አፐርቸሩ ክፍት ስለሆነ ውስጡ በቀላሉ ይታያል። የአፐርቸር ቀለበት የሌለው የኒኮን ጂ ሌንስ ግን ሲወጣ ይዘጋል፤ ከኋላው ያለችውን ትንሽ ምላስ በጣት ገፋ ካላደረጉ በቀዳዳው ትንሹን ክፍል ብቻ አይተው «ንጹሕ ነው» ሊሉ ይችላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ገዢዎች አቧራ ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ የፊቱ መስታወት ላይ ጭረት ሲያዩ ጥለው ይሄዳሉ። ከስምንት ዓመት በፊት ፊቱ ላይ የጥፍር ስባሪ የምታህል ጭረት ያለበት ሌንስ ከግማሽ ዋጋ በታች ገዝቼ እስከ ዛሬ የፍቼ ጫምባላላን በዓል ጉዱማሌ ላይ የማነሣው በእሱ ነው። ጭረቷ ፎቶ ላይ ታይታ አታውቅም። የኋላው መስታወት ጭረት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለካሜራው ቅርብ ስለሆነ ፎቶውን ይጎዳል፤ እሱን አልገዛም።

ሁለተኛው ትልቁ ነገር አፐርቸሩ ነው። ሻጭ ሌንሱን ካሜራ ላይ ገጥሞ «ይኸው ይሠራል» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያሳየው አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ነው። እንደዚያ ሲሆን ቀጫጭኖቹ የአፐርቸር ብረቶች ምንም ስለማይንቀሳቀሱ ብልሽታቸው አይታወቅም። በተለይ እያቀረቡና እያራቁ በሚያነሡት ዙም ሌንሶች ውስጥ ዙሙ በዞረ ቁጥር የሚተጣጠፍ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሪባን አለ፤ ከዓመታት በኋላ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ሌንሱ ክፍቱን ፎቶ ያነሣል፤ አፐርቸሩን ጠበብ ሲያደርጉት ግን የካኖን ካሜራ «ኤረር 01» ብሎ ይቆማል። ስለዚህ አፐርቸሩን 8 ላይ፣ ፍጥነቱን 2 ሰከንድ ላይ አድርጉና እያነሣችሁ ከፊት በኩል ወደ ሌንሱ ውስጥ ተመልከቱ። ብረቶቹ ፈጥነው ተዘግተው ዳርዋ የተስተካከለ ትንሽ ቀዳዳ ትታያለች፤ ሁለቱ ሰከንድ ሲያልቅ ፈጥነው ይከፈታሉ። ቢንቀራፈፉ ወይም ላያቸው ላይ የሚያበራ ዘይት ቢታይ ሌንሱ ጥገና ይፈልጋል። ዙም ከሆነ ይህንኑ በሰፊው፣ በመሀሉና በረጅሙ መድገም ነው።

ወድቆ የሚያውቅ ሌንስ ለመለየት ደግሞ ይህንኑ የምታነቡትን ጋዜጣ ተጠቀሙ። ሁለት ገጽ ዘርግታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ካሜራውን ትክክል ከፊቱ አቁማችሁ አፐርቸሩን ከፍታችሁ አንሡ፤ ከዚያ አራቱን ማዕዘን አጉልታችሁ ፊደሉን አንብቡ። አራቱም በእኩል ትንሽ ቢደበዝዙ የሌንሱ ጠባይ ነው። ሦስቱ ተነበው አንዱ ማዕዘን ብቻ ከጠፋ ውስጡ ያለው መስታወት ከቦታው ተንቀሳቅሷል። የፊቱ ቀለበት የተቆለመመ ከሆነ፣ የመግጠሚያው ብሎን አናት ከተፋቀ፣ ሲነቃነቅ የሚንኳኳ ነገር ካለው ጠይቁ። ኦቶፎከሱንም፣ ማለትም ካሜራው ራሱ ምስሉን የሚያጠራበትን፣ በቅርብ ባለ ነገርና ከመንገዱ ማዶ ባለ ታፔላ ላይ ሞክሩ።

ከራሳችሁ ካሜራ ጋር መስማማቱን አትርሱ፤ ኢኤፍ-ኤስ የሚባለው፣ ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳቸው ትንሽ ለሆነ ካሜራዎች የተሠራው የካኖን ሌንስ፣ ፉል ፍሬም በሚባለው ሰሌዳው ትልቅ በሆነ የካኖን ዲኤስኤልአር ካሜራ ላይ አይገጥምም፤ ሞተር የሌለው የኒኮን ኤኤፍ ሌንስ ዲ3000 እና ዲ5000 በሚባሉት ተከታታይ ካሜራዎች ላይ ኦቶፎከስ አይሠራለትም።

ለሻጮችም ልመና አለኝ። ከልጁ ጋር ሻጩን አግኝተነው ነበር፤ «ዓይቶ ነው የወሰደው» አለ። ዐውቆ ይሁን ሳያውቅ አልፈርድበትም። ግን ንጹሕ ዕቃ የያዘ ሰው በቀን ብርሃን መሸጥን፣ ለሃያ ደቂቃ ማስሞከርን ምን ያስፈራዋል? ስሙን፣ የሌንሱን ሴሪያል ቁጥርና «ፈንገስ ካለበት በሦስት ቀን ውስጥ እመልሳለሁ» የምትል አንዲት መስመር ጽፎ ቢፈርም ምን ይጎድልበታል? የሴሪያል ቁጥሩ ለገዢውም መከታ ነው። በየሰርጉ ዕቃው የሚሰረቅበት ፎቶ አንሺ ብዙ ስለሆነ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ሌንስ ነገ ፖሊስ ጣቢያ ሊያስቆም ይችላል።

ጥሩ ሌንስ ከተገኘ በኋላ ጥበቃው ውድ አይደለም። እኔ የማስቀምጠው ክዳኑ ግጥም በሚል የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ እርጥበት የሚመጥጡትን ሲሊካ ጄል ከረጢቶች ጨምሬ ነው፤ ከረጢቶቹንም በየጊዜው እለውጣለሁ፣ ከጠገቡ በኋላ አይሠሩምና። ሩዝ አልጠቀምም፤ ዱቄቱ ሌንስ ውስጥ ይገባል። የቆዳ ማኅደር ቤቴ አይገባም።

ለልጁ የራሴን 85 ለጥር ወር አውሼዋለሁ። በከተማችን ሌንስ ለመግዛት የተስማማ ማንም ወጣት ከሻጩ ጋር ሆኖ፣ ገና ብሩ ሳይከፈል፣ ፒያሳ አካባቢ ወዳለነው ነባር ፎቶ ቤቶች ጎራ ቢል አብረን እናይለታለን፤ በእኔ በኩል ሰርግ በሌለበት ቀን ሁሉ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ያለ ምንም ክፍያ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሰርግ ፎቶ አንሺ
ሐዋሳ፣ ታኅሣሥ