ፊርማው አንድ ቀን ይቆይ

ለአዘጋጁ፦

ስለ ሕክምና ምርምር ባወጣችሁት ጽሑፍ ሐኪሞቹ እንጂ አስተባባሪዎቹ አልተነሱም። ታካሚ በጥናት ለመሳተፍ መፍቀዱን የሚፈርምበትን የስምምነት ቅጽ የምናስረዳው ግን እኛ አስተባባሪዎቹ ነን።

መሃል አዲስ አበባ በምሠራበት ሆስፒታል አንዲት እናት ከመርካቶ በሁለት ታክሲ መጡ። ቅጹን ኮሪደር ላይ፣ ወረፋ መሃል አነበብኩላቸው። ሁለተኛው ገጽ ላይ «እናንተ ካላችሁ ይሁን፣ ልጄ» ብለው አውራ ጣታቸውን ለቀለሙ ዘረጉ። ይህ ፈቃድ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ እንደሚችሉ፣ መደበኛ ሕክምናቸውም እንደማይቀር የሚናገረው ክፍል ገና አልተነበበም ነበር።

ማንበብ ለማይችል ሰው ገለልተኛ ምስክር ያስፈልጋል። የሚጠራው ግን ብዙ ጊዜ አጠገባችን ያለ ባልደረባ ነው፤ እሱም ሥራው ይጠብቀዋል።

የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ጥናት ሲያጸድቁ ጸጥ ያለ ክፍልና ከጥናቱ ቡድን ውጭ የሆነ ምስክር መኖሩን ይጠይቁ። አስቸኳይ ካልሆነ ደግሞ ታካሚው ቅጹን ይዞ ቤቱ ይደር፤ የማግስቱ ታክሲ ከጥናቱ በጀት ይከፈል።

የምርምር አስተባባሪ፣ አዲስ አበባ