ለ300 ብሯ ቅር ለተሰኛችሁብን ደንበኞቻችን

ጤና ይስጥልን፣ ውድ ደንበኞቻችን።

ጥቅምት ሲገባ በራችን ላይ አንድ ወረቀት ለጥፈን ነበር። «ካሜራ ኮምፒውተር ላይ አልወጣ ሲል ለምርመራ 300 ብር እናስከፍላለን» ይላል። ከዚያ ወዲህ ያልሰማሁት የለም። ብር ወደደ ያላችሁ አላችሁ። «ኬብል ለመሰካትም ክፍያ መጣ?» ያላችሁ አላችሁ። ምንም ሳትሉ የቀራችሁም አላችሁ። ከሁሉም የከበደኝ የእናንተ ዝምታ ነው።

በቅድሚያ ይቅርታ። ወረቀቱን ከመለጠፋችን በፊት ልንነግራችሁ ይገባ ነበር፣ አልነገርናችሁም። ጥፋቱ የኛ ነው። ክፍያውን ግን አላነሳውም። ለምን እንደማላነሳው ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ይህን ሱቅ የከፈትኩት በሚሊኒየሙ፣ በ2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ፊልም አጥብ ነበር። እጄ ኬሚካል ይሸታል ብላ እናቴ ማዕድ ከመቅረቤ በፊት ሁለት ጊዜ ታስታጥበኝ ነበር። ሚሊኒየሙ ሲመጣ ሰው ሁሉ ዲጂታል ካሜራ ይዞ ብቅ አለ። አንዱ ወንድሙ ከአሜሪካ ልኮለት፣ ሌላው ከዱባይ አስመጥቶ። ያኔ ካሜራ የሚመጣው ከነሲዲው ነው። መመሪያው «ሶፍትዌሩን ሳትጭኑ ካሜራውን አትሰኩ» ይል ነበር። ሰው ግን ቸኩሎ ይሰካዋል። ኮምፒውተሩ «ያልታወቀ ዕቃ» ብሎ ይመዘግበዋል። ከዚያ በኋላ ሲዲውን ቢጭኑትም አልሰማ ይላል። ያኔ ይዘውት ወደኔ ይመጣሉ። የተሳሳተውን አጠፋለሁ፣ አስነሥቼ እንደገና እጭናለሁ፣ እስኪያልቅ ሻይ አዝዤ እንጫወታለን። በነጻ። 18 ዓመት ሙሉ በነጻ።

ለምን ይዋሻል፣ ያኔ በነጻ የምሠራው ደግ ስለሆንኩ ብቻ አልነበረም። ከሰዎቹ ለአንዳንዶቹ ካሜራውን የሸጥኩት እኔ ነኝ። ፎቶውን የሚያሳትመው እኔ ጋ ነው። ልጁን ክርስትና ያስነሣ ሰው ፎቶውን ገልብጦ 60 ያሳትማል፣ አልበም ይገዛል፣ ለአያትየው ደግሞ ትልቁን በፍሬም ያሠራል። ኬብሉን በነጻ ብሰካለት አይጎዳኝም ነበር። ዛሬ ፎቶው ስልክ ውስጥ ተነሥቶ ስልክ ውስጥ ይቀራል። የሚያሳትም ሰው በሳምንት አንድ ሁለት ቢመጣ ነው። ለኛ የቀረን እምቢ ያለው አሮጌ ካሜራ ነው።

በ2016 ፒያሳ የነበረው ቤታችን በኮሪደር ልማቱ ተነሣ። አሁን ያለንበት ቦታ የከፈልነው የመጀመሪያ ወር ኪራይ የድሮውን የሦስት ወር ያህል ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። እኛ የምንሸጠው ባትሪ፣ ሚሞሪ፣ ሚሞሪ ማንበቢያው ካርድ ሪደር፣ ኬብል በሙሉ በዶላር የሚመጣ ነው። በ450 ብር የገዛሁት ካርድ ሪደር ሲሰበርብኝ ምትኩን በ1,400 ገዛሁ። የመብራት ታሪፉም ከ2017 መስከረም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ይህን የምለው እናንተን ጥፋተኛ ለማድረግ አይደለም። የእናንተም ቤት ያው እንደሆነ አውቃለሁ። የኛንም እወቁልን ብዬ ነው።

ለምን አሁን? ላላችሁኝ መልሱ ይኸው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ አቆመ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ብዙ ሰው ላፕቶፑን ቀየረ ወይም ወደ ዊንዶውስ 11 አሳደገ። ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ብቻ ነው። በድሮው ዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን በሲዲ የመጣ ባለ 32 ቢት ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከካሜራው ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) እዚያ ላይ ጨርሶ አይሠራም። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ የኖረ ካሜራ አዲሱ ላይ ዝም አለ። ካሜራው ግን አልተበላሸም። በዚያ ላይ ወጣቶቹ የወላጆቻቸውን ትንንሽ ካሜራ ከመሳቢያ እያወጡ መጠቀም ጀምረዋል፤ እሱስ ደስ ይለኛል። ድሮ በሳምንት ሁለት የነበረው አሁን በቀን አራት አምስት ሆነ።

እናንተ የምታዩት ኬብል ስሰካ ነው። ኬብሉ ውስጥ ያለውን ልንገራችሁ። ተራ የዩኤስቢ ኬብል ውስጥ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ሁለቱ ኃይል ያደርሳሉ፣ ሁለቱ መረጃ ያመላልሳሉ። ከርካሽ ቻርጀር ጋር በሚመጣው ኬብል ውስጥ ብዙ ጊዜ ያሉት ሁለቱ የኃይል ሽቦዎች ብቻ ናቸው። ካሜራው ይበራል፣ ባትሪውም ይሞላል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አያይም። ሰው «መብራቱ በርቷል እኮ!» ይለኛል። አዎ በርቷል፣ የሚያወራበት ሽቦ ግን የለም።

ኬብሉ ደህና ከሆነ ወደ ካሜራው ሴቲንግ እገባለሁ። ብዙ አሮጌ ካሜራዎች ዩኤስቢ የሚለው ቦታ ላይ ሁለት ምርጫ አላቸው፣ ማስ ስቶሬጅ እና ፒቲፒ። በመጀመሪያው ካሜራው እንደ ፍላሽ ይከፈታል። በሁለተኛው ራሱን «እኔ ካሜራ ነኝ» ብሎ ነው የሚያስተዋውቀው። በአንዱ እምቢ ያለው በሌላው እሺ ይላል። አንዳንድ የካኖን ኢኦኤስ ካሜራዎች ደግሞ ዋይፋያቸው ከበራ በኬብል አይገናኙም። ዋይፋዩን ማጥፋት ብቻ ነው መድኃኒቱ። ይህን ለማወቅ አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል፤ አሁን ሁለት ደቂቃ ይበቃኛል። ሁለት ደቂቃ ስለፈጀ ለምን እከፍላለሁ ለምትሉኝ፣ ያ ቀንም የኔ ነበር።

አንዴ ደግሞ አንድ ልጅ ከአውሮፓ የተላከለትን ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ካሜራ አያነብም፣ ስልክም አያነብም። ኬብል ቀየርን፣ ድራይቨር አጠፋን፣ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አስተያየን። ሁለት ቀን። ለካስ ዊንዶውሱ ለአውሮፓ ገበያ የሚሸጠው ኤን የሚባለው ዓይነት ነው። እሱ ላይ የሚዲያ ክፍሉ ተነሥቶ ነው የሚመጣው፣ ያለሱ ደግሞ ካሜራና ስልክ በፒቲፒና በመሳሰለው መንገድ አይታዩም። ክፍሉ በነጻ ከማይክሮሶፍት ይወርዳል። ጫንንለት፣ ሠራ። ልጁ አመስግኖን ሄደ። ያኔ ምንም አልተቀበልንም።

ውሳኔውን ያስወሰነኝ ግን የጳጉሜ አንድ ቀን ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ አንዲት እናት አሮጌ ሶኒ ሳይበርሾት በነጠላ ጫፍ ጠቅልላ መጣች። ሚሞሪው ሜሞሪ ስቲክ የሚባለው የድሮው ነው፣ ላፕቶፕ ላይ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። በሰው ካርድ ሪደር ሞክራ ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሏታል። አንድ ቦታ «እሺ በይው» ብለዋት ነበር፤ ፈርታ ተወችው። እግዜር ነው ያስፈራት። ፎርማት ማለት ሚሞሪውን እንደ ባዶ ማድረግ ነው፤ እሺ ብትል ኖሮ ጣጣው ብዙ ነበር። የሚሞሪውን መገናኛ ጫፍ በአልኮልና በጥጥ ቀስ አድርጌ ጠረግሁት። ወደ ካሜራው መልሼ ዩኤስቢውን ማስ ስቶሬጅ ላይ አደረግሁት። ኮምፒውተሩ አወቀው፤ ግን ባትሪው አርጅቷል፣ ሦስት ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል። እሞላለሁ፣ ጥቂት እገለብጣለሁ፣ ይጠፋል። ደግሞ እሞላለሁ። እስከ 9 ሰዓት። 412 ፎቶ። መጨረሻ ላይ አባቷ ጋቢያቸውን ደርበው ለዶሮዎች ጥሬ ሲበትኑ የሚያሳይ ወጣ። በሕይወት የሉም። ስክሪኑን በእጇ ዳሰሰችው። «ስንት ነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ከአፌ የሚወጣው ሁሌም እሱ ነው።

ማታ ሒሳብ ስንዘጋ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ሸጥን?» አለኝ። ሁለት ባትሪና አንድ ቻርጀር። ደሞዙ ከዚያ ነው የሚወጣው። ቀና ብሎ አላየኝም፣ እኔም መልስ አልነበረኝም። ከዚያች እናት ብር ባለመቀበሌ አልጸጸትም። ግን በየቀኑ እንደዚያ እየዋልኩ የልጁን ደሞዝ ማግኘት አልችልም። 300 ብሯ የተወለደችው ያን ማታ ነው።

ሌላው ቅሬታ «ብሩን ተቀብለህ ካሜራውን አልጫንክልኝም፣ ሚሞሪውን አውጥተህ ገለበጥክ እንጂ» የሚል ነው። ይህኛው ትንሽ አሳዝኖኛል። እናንተ የምትፈልጉት ፎቶውን ነው ብዬ ስለማምን ነው እንደዚያ የማደርገው። ሚሞሪ በካርድ ሪደር ከተነበበ ድራይቨር አያስፈልግም፣ የካሜራው ባትሪም አይደክምም። ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ድራይቨር ላፕቶፓችሁ ላይ መጫን ለኔ ቀላሉ ነገር ነበር። ግን ምንጩ ከማይታወቅ ቦታ የወረደ ድራይቨር ቫይረስ ይዞ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። የራሴ ኮምፒውተር ላይ የማልጭነውን የእናንተ ላይ አልጭንም። ለዚህ ብትቀየሙኝ እቀበላለሁ።

ካርድ ሪደርም ቢሆን ሁሉን አያነብም። 2 ጊጋ ድረስ ያለው የድሮው ኤስዲ አንድ ነው። ከ4 እስከ 32 ያለው ኤስዲኤችሲ ሌላ ነው። ከ32 በላይ ያለው ኤስዲኤክስሲ ደግሞ ሌላ። አሮጌ ሪደር አዲሱን አያውቀውም። ኦሊምፐስና ፉጂፊልም ይጠቀሙበት የነበረው ኤክስዲ የሚባለው ሚሞሪማ ሪደሩ ራሱ እንደ ወርቅ ነው። እኛ ጋ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ በመንገደኛ ነው ያስመጣሁት። ያ ሪደር እዚህ ባይኖር ይዛችሁ የት ትሄዱ ነበር?

አሁን ስለ አንድ ሰው ልጻፍ። ስማቸውን አልጠራም፣ ሲያነቡት ራሳቸውን ያውቃሉ። ጋሼ፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ኒኮን ኩልፒክስዎን ይዘው መጡ። ልጁ ስለ 300 ብሩ ሲነግርዎ «ከሱቁ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ደንበኛ ነኝ፣ እኔንም?» አሉ። እውነትዎን ነው። የመጀመሪያውን አልበም የሸጥኩት ለእርስዎ ነው። ተነሥቼ ሳልደርስብዎ «እንግዲያው ይቅርብኝ» ብለው ካሜራውን ከነኬብሉ ባንኮኒው ላይ ትተው ወጡ። እኔ ዘንድ ያለው ስልክ ቁጥርዎ አይሠራም። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ደንበኞቼ፣ ከዚህ በኋላ እንዲህ ይሁን። ካሜራውን ከኛ የገዛ ሰው ምንጊዜም ምርመራው በነጻ ነው፤ ደረሰኙ ቢጠፋም እናምናለን። ችግሩ ኬብሉ ሆኖ አዲስ ኬብል ከኛ ከገዛችሁ 300ዋን ከዋጋው ላይ እንቀንሳለን። ካልተሳካልን አንቀበልም። የሞተ ሰው ፎቶ ካለበት ደግሞ ንገሩን፣ ስለ ክፍያ አንነጋገርም። ከቤት ስትመጡ የካሜራውን የራሱን ኬብልና የተሞላ ባትሪ ይዛችሁ ኑ። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ካላችሁ አደራ፣ እሺ አትበሉት።

ሌላ ቦታ በ200 የሚያይላችሁ ካለ ሂዱ፣ አልቀየምም። ግን ተመለሱ። እኔ ከእናንተ ጋር ነው ያረጀሁት። የልጆቻችሁን ክርስትና ያተምኩላችሁ ሰዎች፣ አሁን የሠርጋቸውን ፎቶ ይዛችሁልኝ ስትመጡ የሚሰማኝን በብር አልተምነውም። ይህ ሱቅ ቢዘጋ ሌላ የምውልበት ቦታ የለኝም።

ጋሼ፣ ካሜራዎ ውስጥ ሚሞሪ አልነበረም። ፎቶዎቹ የተቀመጡት በካሜራው በራሱ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ካርድ ሪደር አይረዳም፣ ኬብል ግድ ነው። ይዘውት የመጡት ኬብል ቻርጅ ብቻ የሚያደርገው ነው። ከድሮ ኬብሎቼ ካርቶን ውስጥ ጠፍጣፋ ባለ 8 ፒኑን ፈልጌ አገኘሁ። ስሰካው ወዲያው ታወቀ። ፎቶዎቹን ከፍቼ አላየሁም፣ ቁጥራቸውን ብቻ አየሁ። ዘጠኝ ናቸው። ፍላሽ ላይ ገልብጬ ከካሜራው ጋር በፖስታ አድርጌ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ኬብሉም የእርስዎ ነው። ክፍያ የለም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት እዚሁ ነኝ፣ ሲመችዎ ይምጡና ይውሰዱት።

የሱቁ ባለቤት
ኅዳር 2018 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ